አደይ አበባ ገበያ ወጥቷል፤ ዘሩንስ ማን ይሸጣል?

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ያለፈ ሰው ገበያውን ያውቀዋል። በግ ነጋዴው ባንድ ወገን፣ ዶሮና እንቁላል ሻጩ በሌላው ወገን፣ በመሐሉ ቄጠማ የተሸከሙ ሴቶችና አደይ አበባ በሣር አስረው የሚያዞሩ ልጆች። የበጉን ዋጋ ሁሉም ይጠይቃል፤ ጋዜጣውም ይዘግበዋል። የአደይን ዋጋ ግን ማንም ጽፎት አያውቅም። ይህ ጸሐፊ ለዚህ ዓምድ የበርበሬና የቅቤ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲከታተል ኖሯል፤ እንደ አደይ ያለ ሸቀጥ ግን አላጋጠመውም። ጠዋት የተጠራው ዋጋ ረፋድ ላይ ይጨምራል፣ ማታ ይሰቅላል፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ይወድቃል። እስከ መስቀል ደመራ ትንሽ ይንፈራገጥና ከዚያ ወዲያ ወሬውም የለም። መጋዘን አይገባም፣ በዱቤ አይሸጥም፣ ደላላም የለውም።

በ2014 ዓ.ም ጳጉሜን ማብቂያ ላይ ከአንዲት እናት ሁለት እስር ገዛሁና እግረ መንገዴን «እናቴ፣ ዘሩ አይገኝም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የምኑ ዘር ልጄ?»

«የአደይ።»

ሳቁብኝ። «አደይ ደግሞ ይዘራል እንዴ? ራሱ ነው የሚበቅለው!» ትንሽ አሰብ አደረጉና ግን ሌላ ነገር ጨመሩ። እሳቸው ልጅ ሳሉ አበባው ከቤታቸው ጓሮ ይለቀም ነበር። ቦታው ታጠረ። ቀጥሎ ከዳገቱ ሥር ይለቅሙ ጀመር፤ እሱም ታጠረ። አሁን ሌሊት ተነስተው ከተራራው ጀርባ ድረስ መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። «በየዓመቱ ይርቃል» አሉኝ። እንግዲህ የአቅርቦት እጥረት ማለት ይኸው ነው፤ በጋዜጣ ቋንቋ ባይነገርም።

አደይ አበባ ብለን የምንጠራው አንድ ዓይነት ተክል ብቻ አይደለም። ሳይንቲስቶች ባይደንስ በሚሉት ወገን ውስጥ የሚመደቡ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ከአንድ በላይ ዝርያዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከሁሉም የታወቀው ባይደንስ ማክሮፕቴራ ነው። «ማክሮፕቴራ» ትልቅ ክንፍ ያለው ማለት ሲሆን ስያሜው የመጣው ከዘሩ ነው፤ ዘሩ ጠፍጣፋና ዙሪያውን ክንፍ ያለው ነውና። ልብስ ላይ እየተሰካ የሚያስቸግረን የሰይጣን መርፌም የዚሁ ወገን ነው፤ አንዱ በንፋስ፣ አንዱ በሱሪያችን ይጓዛል።

ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ሌላ ነው። አደይ ክረምቱን ከዘር በቅሎ፣ መስከረም አብቦ፣ ጥቅምትና ኅዳር ዘሩን አርግፎ የሚደርቅ ነው። መስከረም ላይ የተቆረጠ አበባ ዘር አላፈራም። ስለዚህ በየዋዜማው በየመንገዱ የምንገዛው እስር ካንድ በኩል ሲታይ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው። አርሶ አደር የዘር እህሉን አይበላም። እኛ ግን የአደይን ዘር በየዓመቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እናደርቀዋለን። መሬቱ ሰፊ በነበረበት ዘመን ይህ ምንም አያጎድልም ነበር፤ ለገበያ ከሚቆረጠው በሜዳው የሚቀረው ይበዛ ነበርና። አሁን ሜዳው ሲጠብና ለቃሚው ሲበዛ ሒሳቡ ይዛባል።

የማር ነጋዴው ጭንቀት

ይህን ነገር ለአንድ የማር ነጋዴ ወዳጄ ሳነሳበት የቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም። መርካቶ ውስጥ ማር በጅምላ እየተረከበ ለጠጅ ቤቶችና ለቸርቻሪዎች የሚያከፋፍል ሰው ነው። ከሰሜን ሸዋ የሚያመጡለት ደንበኞቹ ባንድ ወቅት እስከ ኅዳር መጨረሻ ቀፎ ቆርጠው ይመጡ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በቅርቡ ባዶ ማሰሮ ይዞ መጥቶ ከአሥር ቀፎው በስድስቱ ንቡ እንደኮበለለበት ነገረው። ምክንያቱን ሲጠይቀው ያገኘው መልስ አጭር ነው፤ «አበባ የለማ!»

አበባው የት ሄደ? በደጋው አገር የጥቅምትና የኅዳር ማር በብዛት የሚሠራው ከመጭ፣ ከአደይ፣ ከማገጥና ከመሰሎቻቸው ነው። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ሆኖ በማሳ ዳርና በእርሻ ውስጥ የሚበቅል ቢጫ አበባ ነው። ለንብ አናቢው ሲሳይ ነው፤ ለስንዴና ለጤፍ ገበሬ ግን አረም ነው። እንደ ቱ-ፎር-ዲ ያሉት ፀረ አረም ኬሚካሎች ደግሞ የተሠሩት በዚህ መልክ ነው፦ ጤፍና ስንዴን የመሰለውን ቀጭን ቅጠል ትተው ሰፊ ቅጠል ያለውን ይገድላሉ። መጭም አደይም ሰፊ ቅጠል ናቸው። በገበሬው መፍረድ አይቻልም፤ የጉልበት ዋጋ በጨመረበት ጊዜ አንድ ሰው መርጫ ጀርባው ላይ አዝሎ በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን በእጅ ለማረም ስንት ሰው ያስፈልጋል? ይሁንና ሒሳቡ እዚያ ላይ አያልቅም። ንቡ ሲራብ ንብ አናቢው ስኳር በጥብጦ፣ በሶና ሽሮ ነስንሶ ይቀልባል። የስኳርን ዋጋ ለዚህ ዓምድ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ነገሩ የጠጅ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። አቅሟ በዓመት እስከ 500 ሺህ ቶን ይደርሳል የሚለው ግምት በየስብሰባው ሲደጋገም እንሰማለን፤ የሚመረተው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት ማሯን ለመቀበል ከፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። በዝርዝሩ ውስጥ ለመቆየት ደግሞ ማሩ ውስጥ የኬሚካል ቅሪት መኖር አለመኖሩ የሚታይበት የቁጥጥር ዕቅድ ማቅረብ ግዴታ ነው። ላኪ የሆነ ሰው የገበሬው መርጫ ጉዳይ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

የዘይት ነጋዴውም ቢሆን ጉዳዩ አለበት። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር አይዝም፤ የግድ ከሌላ የኑግ ተክል የሚያመጣለት ያስፈልጋል፤ የሚያመጣለትም ንብ ነው። ኑግ ባለበት ቀፎ ሲቀመጥ ምርቱ እንደሚጨምር በምርምር ተረጋግጧል። የምግብ ዘይታችንን አብዛኛውን ከውጭ በዶላር እየገዛን፣ የአገር ውስጡን ጥሬ ዕቃ በነጻ የሚያፈራልንን ሠራተኛ ማስራብ ምን ይባላል? በዓለም ደረጃ የተሠራውን ስሌት ለሚፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የመንግሥታቱ የብዝሃ ሕይወት መድረክ ሪፖርት በንብና በመሰሎቿ ሥራ ላይ በቀጥታ የተመሠረተውን ዓመታዊ የሰብል ምርት ከ235 እስከ 577 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ አውርቶ ሲያበቃ ወደኔ ዞረና «አንተ የገበያ ጸሐፊ አይደለህ? ለምን ራስህ ዘርተህ አታየውም? ከበቀለልህ እኔ ቀፎዎቼ ባሉበት ሱሉልታ አካባቢ እዘራዋለሁ» አለኝ። በግቢዬ 4 በ6 የሆነች፣ ሣር የለበሰች ቦታ አለችኝ። በዚያው ተስማማን።

በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁት

ስህተቴ ከዘሩ ጀመረ። የገዛኋቸውን ሁለት እስሮች ገልብጬ ኮርኒስ ላይ ሰቅዬ አደረቅኋቸው፤ ዘር ይሆናሉ ብዬ። ገለባ ሆኑ። በእሸትነቱ የተቆረጠ አበባ ዘር አይሞላም። ወደ እኚያ እናት ሰፈር ተመልሼ ሄድኩና ችግሬን ነገርኳቸው። «ኅዳር ላይ ና» አሉኝ። ኅዳር 2015 ላይ አንዲት ትንሽ ቅርጫት ሙሉ የደረቀ የአደይ ራስ ይዘው ጠበቁኝ። ዋጋ ስጠይቃቸው ግራ ገባቸው፤ ሸጠውት አያውቁማ። ተያየን። «50 ብር ልበልህ?» አሉ። ሳልከራከር ከፈልኩ። እኔ እስከማውቀው ድረስ የአደይ ዘር የመጀመሪያ የገበያ ዋጋ ይህ ነው።

ቀጥሎ የሠራሁት ለባሰ ነገር ዳረገኝ። ለጎመን መደብ እንደማዘጋጅ አስቤ ለም አፈር በጋሪ አስመጣሁ፤ የበሰበሰ ፍግ ጨመርኩበት፤ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ዘሩን ጎርጎር አድርጌ በትኜ አፈር አለበስኩት። ዝናቡ ደግሞ አሳሳች ነበር፤ ሁለት ሳምንት ጠፋ። የበቀለው ጥቂት ደረቀ። ሰኔ ሲገባ ፍጉን የበላው ሰርዶና ሙጃ እስከ ጉልበቴ ደረሰ። በሣሩ ውስጥ ተደብቆ የቀረ አንዳንድ አደይ ነበር፤ እሱንም ግቢ እንዲያጸዳ በቀን ሥራ የቀጠርኩት ልጅ ከአረሙ ጋር ነቅሎ ከግድግዳው ሥር ከመረው። ስቆጣ ተገረመ። «ጋሼ፣ አረም ንቀል አላሉኝም?» አለ። እውነቱን ነው፤ ቡቃያው ከሰይጣን መርፌ ምኑም አይለይም። ጥፋቱ የኔ ነበር። መስከረም 2016 ላይ አበባ ከመንገድ ገዛሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሀብት የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። ለዱር አበባ ለም መሬት ጠላቱ ነው። ፍግና ማዳበሪያ መጀመሪያ የሚያገኘው ፈጣኑ ሣር ነው፤ ሣሩ ያድግና አበባውን ያፍነዋል። አደይ ራሱ የሚበቅልበትን ቦታ አስተውሉ፤ የመንገድ ዳር፣ የተቆረጠ ገደል፣ የማሳ ወሰን፣ ጭንጫ ተዳፋት። ማንም ማዳበሪያ ያልበተነበት ነው። ይህን እኛ ብቻ አይደለንም የተማርነው። በእንግሊዝና በዌልስ ቆላማ ስፍራዎች ከ1930ዎቹ እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የዱር አበባ ከሚበዛባቸው ነባር የሣር መስኮች ውስጥ 97 በመቶው እንደጠፉ በጥናት ተረጋግጧል። ከምክንያቶቹ አንዱ ማዳበሪያ ነው። ዛሬ እዚያ የዱር አበባ ዘር በግራም ተመዝኖ የሚሸጥ የታወቀ ንግድ ሆኗል። ያልነበረ ገበያ የተፈጠረው ነገሩ ከጠፋ በኋላ ነው ማለት ነው።

ከዘር እስከ አበባ

ኅዳር 2016 ላይ ወደ እኚያ እናት ተመለስኩ። ዋጋው 150 ብር ገብቷል። «ዘንድሮ ሩቅ ሆኗል፤ ለዘር የሚተርፈውም ጥቂት ነው» አሉኝ። በዓመት ሁለት መቶ በመቶ ጭማሪ! ሲሚንቶም እንዲህ ጨምሮ አያውቅም ብዬ ልከራከር ፈለግሁና አንድ ደንበኛ ብቻ እንዳላቸው ትዝ ሲለኝ ዝም አልኩ፤ አንድ ሻጭ ብቻ እንዳለኝም ትዝ አለኝ።

በዚህኛው ዓመት የሠራሁትን ሞክሮ ማየት ለሚፈልግ በዝርዝር እነግራለሁ።

ዘሩ የሚለቀመው የአበባው ራስ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ የሚበተን ሲሆን ነው፤ ቀድሞ ከተለቀመ አይሞላም፣ ከዘገየ ንፋስ ይወስደዋል። በጠራ ቀን፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይለቀማል። ካንድ ቦታ ሁሉንም መልቀም ነውር ነው፤ አብዛኛው ለቦታው ይቅር። ወረቀት ላይ ተሰጥቶ ጥላ ውስጥ ይደርቅና በወረቀት ከረጢት ወይም በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል። በፌስታል የተቋጠረ ይሻግታል።

መሬቱን ያዘጋጀሁት በበጋ ነው። ያን በገንዘቤ ያስገባሁትን ለም አፈር ከነሰርዶው ሥር ገፍፌ ለጎረቤት ጎመን ሰጠሁት። ሰርዶ ቁራጭ ሥሩ ከቀረ ይመለሳል፤ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተቆፍሮ ሥሩ በእጅ ተለቅሞ ፀሐይ እንዲመታው ተደረገ። ከሁሉም ሥራ አድካሚው ይህ ነበር፤ ሁለት የቀን ሠራተኛ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የኔ መሬት ቀይ አፈር ነው። መረሬ የሆነበት ሰው ውኃው እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርጎ ዙሪያውን ቦይ ያውጣለት።

ለመዝራት ዝናቡ እስኪጸና ታገስኩ። ሰኔ ከተጋመሰ በኋላ ዘሩን ከአሸዋ ጋር አንድ ለአምስት ደባለቅሁት። አሸዋው ሁለት ጥቅም አለው፤ ቀላሉን ዘር ንፋስ እንዳይወስደው ይረዳል፣ የተበተነበትና ያልተበተነበት ቦታም በቀለሙ ይለያል። ለዱር አበባ በሌላ አገር የሚመከረው በካሬ ሜትር ከ3 እስከ 5 ግራም ነው፤ እኔም ከዚያ አልራቅሁም። ግማሹን ወደ ርዝመቱ እየሄድኩ፣ ግማሹን ወደ ጎን እየሄድኩ በተንኩት። አፈር አላለበስኩትም። በሬክ ጫር ጫር አድርጌ ሳንቃ አስቀምጬ ረገጥኩት፤ ዘሩ አፈሩን መንካት አለበት እንጂ መቀበር የለበትም።

ከአሥር ቀን በኋላ ማቆጥቆጥ ጀመረ። ያን ልጅ ጠርቼ አንዷን ቡቃያ አሳየሁትና «ይህን የነቀለ ሰው ከኔ ጋር አይስማማም» አልኩት። ሣር ሣሩን ብቻ በየሳምንቱ እንለቅም ነበር። በጣም የተጠጋጋውን በአንድ ስንዝር ርቀት አሳሳነው። ውኃ አላጠጣሁም፤ መድኃኒት አልረጨሁም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወገብ ደረሰ፤ ጎረቤቶች ግቢዬ ጠፍ መሬት መሰላቸው። ጳጉሜን 3 ቀን የመጀመሪያዋ ፈነዳች፤ መስከረም አሥር ላይ 24 ካሬ ሜትሩ በሙሉ ቢጫ ሆነ።

አደይ ብቻውን ለአንድ ወር ያህል ያብባል፤ ንብ ግን ዓመቱን ሙሉ ትበላለች። ስለዚህ በጠርዙ ላይ በሶብላ፣ ጦስኝና የጥብስ ቅጠል ተክያለሁ፤ ለወጥም ይሆናሉ። ማገጥም ጨምሬበታለሁ። ኮሽ ያለውን የዘር እሽግ ሁሉ ግን አልመክርም። ከውጭ በሥዕል ያማረ ፓኬት ውስጥ የሚመጣው ድብልቅ ነገ ምን አረም እንደሚሆን ማን ያውቃል? የወፍ ቆሎ ለአጥር ማሳመሪያ ተብሎ መጥቶ ዛሬ ስንቱን ግጦሽ እንደወረረ፣ ፓርቲኒየም ስንቱን ማሳ እንዳበላሸ አይተናል። ስለ አገር በቀል ዕፅዋት ማየት የሚፈልግ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጎራ ይበል። ንብ የሚቀስማቸውን አበቦች በየስማቸው ማወቅ የሚሻ ደግሞ ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙትን የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ ይፈልግ።

ደንበኞቹ

በመስከረም ወር ረፋድ ላይ ወንበር አውጥቼ የመጣውን መቁጠር ልማድ ሆነብኝ። የማር ንቦች ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ በሰፈሩ ቀፎ ያለው ሰው አላየሁም፤ ብቻ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ከነሱ ያነሱ፣ ለየብቻቸው የሚኖሩ፣ መሬት ፍቀው የሚፈለፈሉ ንቦች አሉ፤ ማር የላቸውም፣ ሥራቸው ግን ያው ነው። ዝንብ መስለው ንብ የሚያስመስሉ፣ ባሉበት ተንሳፈው የሚቆሙ አሉ። ቢራቢሮው አይቆጠርም። ጣዝማ አልመጣችም። መድኃኒት ነው ተብሎ ማሯ በውድ የሚሸጠው ጣዝማ ጎጆዋን መሬት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ሁሉን በሲሚንቶ ባለበስንበት ከተማ የት ትግባ?

ራሴን ማታለል ግን አልፈለግሁም። አንድ ቀፎ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ዙሪያውን እየበረረ ይቀስማል። ለእሱ የኔ 24 ካሬ አንድ ጉርሻ አይሞላም። ይህን ዘርቼ ማር እቆርጣለሁ የሚል ካለ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውለው። ለትናንሾቹ ንቦች ግን ጥቂት መቶ ሜትር ማለት መላው ዓለማቸው ነው፤ ለነሱ ይህች ቦታ አንድ ሙሉ ገበያ ናት። ደግሞም የዚህች መደብ ዋና ምርት ማር ሳይሆን ዘር ነው።

ዘሩን ለማግኘት የተደረገውን ትግል ግን እኔ ነኝ የማውቀው። በዘመን መለወጫ ማለዳ አበባየሆሽ የሚጨፍሩ የሰፈሩ ልጃገረዶች በሬን አንኳኩተው ሲገቡ ዓይናቸው መደቡ ላይ ተተከለ። ባለቤቴም ለቡናው ረከቦት የሚሆን አንድ እቅፍ ጠይቃ ነበር። «ከገዛ ግቢያችን አበባ ተከልክለን ከመንገድ ልንገዛ ነው?» አለች። ከመደቡ አንዱ ጎን ሁለት ክንድ ያህሉ ለበዓሉ እንዲቆረጥ፣ የቀረው እንዳይነካ ተስማማን። ስምምነቱ እስከ መስቀል ድረስ ሦስት ጊዜ ተጥሷል።

ኅዳር ላይ አበባው ሲደርቅ «አሁንስ ይቃጠል» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ያቆየሁት ለዘር ብቻ አልነበረም። ጥሬ ለቃሚ ትናንሽ ወፎች በመንጋ እየመጡ በደረቁ ራስ ላይ እየተንጠለጠሉ ይበላሉ። ድርሻቸውን ወሰዱ። ለኔ አራት የሻይ ብርጭቆ የተበጠረ ዘር ተረፈኝ።

ንግድ ይሆናል?

ወሬው ሳይውል ሳያድር ደላላ ጆሮ ደረሰ። አንድ በቤትና በመኪና ድለላ የማውቀው ሰው ደውሎ «የአደይ ዘር አለህ አሉ፤ ለአፓርታማ ግቢ የሚፈልግ ሰው አለኝ» አለኝ። ስንት ኪሎ ይፈልጋል ብለው «ለጊዜው አንድ ኩንታል» ሲለኝ አራት የሻይ ብርጭቆዬን አይቼ ሳቄን ዋጥኩ። ነገሩ ግን አያስቅም። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በየመንገዱ ዳር ብዙ አረንጓዴ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ችግኝ አፍልቶ መሸጥም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። የተለመደው ተከላ ግን ሣርና ዘንባባ ነው። ሣር በበጋ ውኃ ይፈልጋል፣ ማጨጃ ይፈልጋል፣ ንብ የሚቀስመውም የለውም። አደይ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ያድርና በበጋ ምንም አይጠይቅም። ጉድለቱ በበጋ ማስጠላቱ ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ደረቅ አገዳ ነው የሚታየው። ግቢው ዓመቱን ሙሉ እንዲያምርለት ለሚፈልግ ደንበኛ ይህን ሳይናገር የሚሸጥ ደላላ ሰኔ ሳይደርስ ይጣላል።

ሊዝ ከፍለው ግንባታ ሳይጀምሩ ያጠሩት መሬት ያላቸው አንባቢዎቻችን ጥቂት አይደሉም። ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ሙጃና ቆሻሻ ከሚከመር በአንድ ክረምት ወጪው የሁለት ሠራተኛ የጥቂት ቀን ጉልበት ነው። ዘሩን ወደ ውጭ ልኬ ዶላር ላምጣ የሚል ቢኖር ግን ቆም ብሎ ያስብ፤ የአገሪቱን የዕፅዋት ሀብት ለዚህ ዓይነት ጥቅም ለማውጣት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የጤፍን የባለቤትነት ጉዳይ ከሆላንዶች ጋር ስንከራከርበት የኖርን ሰዎች ነን።

ለደላላው ኩንታል የለኝም ብዬ መለስኩለት። ከአራቱ ብርጭቆ ሁለቱን ለማር ነጋዴው ወዳጄ በቃሌ መሠረት ሰጠሁት፤ ሰኔ 2017 ላይ ከቀፎዎቹ አጠገብ ዘርቶታል፤ አንዱን ጥግ በግ ገብቶ በላበት እንጂ የቀረው አብቧል። አንዱን ለራሴ አስቀመጥኩ።

አራተኛው ብርጭቆ ታሪክ አለው። ኅዳር 2017 ላይ እኚያ እናት እንደ ልማዳቸው ቅርጫታቸውን ይዘው ጠበቁኝ። ዘንድሮ ዘር አልፈልግም፣ የራሴ አለኝ ስላቸው ቅር አላቸው። ደንበኛ አጡ። ቆይተው ግን «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ይዤ ነበርና አሳየኋቸው። በጣታቸው ቆንጥረው በመዳፋቸው ላይ በትነው አዩት። ከቤታቸው ጀርባ ከአጥሩ ሥር አንዲት ጠባብ ቦታ እንዳለቻቸው፣ ጉልበታቸው እየደከመ ተራራውን መውጣት እንደከበዳቸው ነገሩኝ።

«ከሚለቅሙት እኮ አለልዎ፤ ከቅርጫቱ ለምን አይዘሩም?» አልኳቸው።

«እሱማ ያልተበጠረ ነው፤ ያንተ የተመረጠ ነው» አሉኝ። «ስንት ልክፈልህ?»

ባለፈው ዓመት የጠሩብኝን 150 ብር ጠራሁ። ተከራከሩኝ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ አስታወሱኝ። በመጨረሻ 40 ብር አስከፍዬ፣ ጳጉሜን ላይ ሁለት እስር በነጻ ሊሰጡኝ፣ የአጥሩን ዳር አንድ ረድፍ ሳይቆርጡ ለዘር ሊተዉ ተስማማን።